ካሎሪ ቆጠራ የሚጀመረው ከድስቱ ነው

ቲክቶክ ከፍታችሁ «ቦርጭ» ብላችሁ ብትፈልጉ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ሁለት ሦስት ዓይነት ማክሻ ሻይ፣ አንድ «በ10 ቀን 10 ኪሎ» የሚል ሰውዬ፣ ስለ ማክሻ መርፌ የምታወራ አንዲት ልጅ፣ ከዛ ደግሞ «ካሎሪ ቁጠሩ፣ ሌላው ወሬ ነው» የሚል የጂም አሰልጣኝ ይመጣላችኋል። ከነዚህ ሁሉ ለእውነት የሚቀርበው አሰልጣኙ ነው፣ ግን እሱም ቢሆን የሚያሳያችሁ ተመዝኖ በላስቲክ ዕቃ የተቀመጠ የዶሮ ስጋና ሩዝ ነው፣ እናንተን ማታ ቤት የሚጠብቃችሁ ደግሞ ትሪ ላይ የተዘረጋ እንጀራ፣ መሀሉ ላይ የፈሰሰ ወጥ፣ ዙሪያውን አራት እጅ፣ እና «በሞቴ ይቺን ብቻ» ብላ ጉርሻ የዘረጋች እናት ናት። ይሄ በምን ይቆጠራል?

እኔም በዚህ ጥያቄ ምክንያት ነው ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለቴም ሳምንት ሳይሞላኝ የተውኩት። በሦስተኛው የገባኝ ነገር ቢኖር እኛ ቤት ጉርሻ መቁጠር ከንቱ ድካም እንደሆነ ነው፣ መቆጠር ያለበት ምግቡ ገና ትሪው ላይ ሳይወጣ ድስቱ ውስጥ እያለ ነው። እዛ ለመድረስ ግን ከመሰረቱ እንነሳ።

ካሎሪ ራሱ ምንድነው?

ካሎሪ እንደ ስኳር ወይ እንደ ጨው ምግብ ውስጥ ያለ ነገር አይደለም፣ መለኪያ ነው። ኪሎ ሜትር አስፋልቱ ሳይሆን ርዝመቱ እንደሆነው ሁሉ ካሎሪም ምግቡ የያዘው ጉልበት የሚለካበት ነው። ምግብ ላይ ስናወራ አንድ ካሎሪ የምንለው (ትክክለኛ ስሙ ኪሎ ካሎሪ ነው፣ ሰው ሲያወራ «ኪሎ»ዋን ይዘላታል) አንድ ሊትር ውሃ በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለማሞቅ የሚበቃ ጉልበት ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ አለው። ስለዚህ ያቺ አንድ ማንኪያ ሙቀቷ ምንም ሳይባክን ብትነድ አንድ ሊትር ተኩል ውሃ ከ20 ዲግሪ አንስታ 100 ዲግሪ ታደርሰዋለች (አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃው ከ100 በታች ነው የሚፈላው፣ ግን ይሁን)። እኔ ይሄን ካሰላሁ በኋላ ወጥ ላይ ዘይት ሲንቆረቆር ሳይ የሚታየኝ የጀበና መዓት ነው።

ይሄን ነገር ለምግብ ሥርዓት ካስያዙለት ሰዎች ዋናው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ አሜሪካ ኮኔቲከት የነበረ ዊልበር አትዎተር የሚባል ኬሚስት ነው። ሰው በዝግ ክፍል ውስጥ አስቀምጦ የሚበላውን፣ የሚያወጣውን ሙቀትና የሚተነፍሰውን አየር ሁሉ ይለካ ነበር። ከሱ ሥራ ነው ዛሬ እሽግ ምግብ ላይ የምናያቸው ቁጥሮች የመጡት፦ አንድ ግራም ካርቦሃይድሬት (ጤፍ፣ ስንዴ፣ ስኳር፣ ድንች ምናምን) 4 ካሎሪ፣ አንድ ግራም ፕሮቲን 4፣ አንድ ግራም አልኮል 7፣ አንድ ግራም ስብ 9። ከዚህ ሁሉ አንዷን ብቻ ያዙ ብባል ስቡን ነው የምይዘው፣ ምክንያቱም ዘይትና ቅቤ በግራም ከእንጀራው ዱቄት እጥፍ በላይ ነው የሚይዙት።

ሰውነት በዚህ ጉልበት ምን ያደርጋል?

ጎተራ አስቡ። አንድ ገበሬ ቤት በዓመት የሚበላው ያህል ካመረተ ጎተራው ባለበት ይቆያል፣ ከሚበላው በላይ ካመረተ ይሞላል፣ ካነሰ ደግሞ ከጎተራው እየተዛቀ ይበላል። ቦርጭ ማለት ጎተራ ነው። ሰውነት ቁጭ ብለን እንኳን ልብ ለመምታት፣ ለመተንፈስ፣ ሙቀቱን ለመጠበቅ፣ አንጎል ለማሰራት ጉልበት ያወጣል፣ እንደውም ብዙ ሰው ላይ የቀኑ ወጪ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ይሄ ነው። እላዩ ላይ መራመዱ፣ ሥራው፣ ምግብ መፍጨቱ ይጨመራል። የምንበላው ከዚህ ወጪ ሲያንስ ልዩነቱ ከጎተራው ይወጣል፣ ያቺን ልዩነት ነው ጂም ያሉ ልጆች «ዴፊሲት» የሚሏት፣ በኛ አማርኛ ጉድለት ማለት ነው።

አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ በግምት 7,700 ካሎሪ ይይዛል። በቀን 500 ብታጎድሉ በሁለት ሳምንት 7,000 ነው፣ ኪሎ ሊሞላ ትንሽ የቀረው። ስለዚህ «በ10 ቀን 10 ኪሎ» የሚለውን ሰውዬ ራሳችሁ አስሉት፦ 10 ኪሎ ስብ 77,000 ካሎሪ፣ ለ10 ቀን ሲካፈል በቀን 7,700፣ አብዛኛው ሰው ደግሞ ጭራሽ ምንም ባይበላ እንኳን በቀን የሚያወጣው ከ2,000 እስከ 3,000 ቢሆን ነው። ሂሳቡ አይገጥምም፣ አለቀ። በ10 ቀን የሚወርደው ብዙው ውሃ ነው። ሰውነት ጉበትና ጡንቻ ላይ ግላይኮጅን የሚባል የስኳር ስንቅ ያስቀምጣል፣ እያንዳንዱ ግራም ደግሞ ሦስት ግራም ያህል ውሃ ይዞ ይቀመጣል፣ ምግብ ሲቀነስ መጀመሪያ የሚያልቀው እሱ ስለሆነ ሚዛኑ በመጀመሪያው ሳምንት ደስ የሚል ቁጥር ያሳያል። ሆድ የሚያስሄዱት ሻዮችም ሥራቸው ይሄው ነው፣ ውሃና ሽንት ቤት። ስቡ ባለበት ነው።

በቀን ስንት ያስፈልገኛል?

እ.ኤ.አ. 1990 ላይ የወጣ ሚፍሊን ሴንት ጂዮር የሚባል ቀመር አለ፣ ካሎሪ የሚቆጥሩት የስልክ አፖች አብዛኞቹ የሚጠቀሙት እሱን ነው፣ በስልክ ካልኩሌተርም ይሰራል። ክብደት በኪሎ ሲባዛ በ10፣ ሲደመር ቁመት በሴንቲ ሜትር ሲባዛ በ6.25፣ ሲቀነስ ዕድሜ ሲባዛ በ5፤ ከዛ ወንድ ከሆነ 5 ይደመራል፣ ሴት ከሆነች 161 ይቀነሳል። ለምሳሌ 78 ኪሎ የምትመዝን፣ 165 ሴንቲ ሜትር የምትረዝም የ35 ዓመት ሴት ብንወስድ 780 ሲደመር 1,031 ሲቀነስ 175 ሲቀነስ 161፣ 1,475 ይመጣል። ይሄ አልጋ ላይ ተኝታ ብትውል የምታወጣው ነው። ቀኑን ቢሮ ተቀምጣ የምትውል ከሆነ በ1.2 ታባዛለች፣ ታክሲ ለመያዝም ለገበያም ትንሽ የምትራመድ ከሆነ በ1.375። በሁለተኛው 2,030 አካባቢ ይሆናል። ከዛ ላይ 400 ወይ 500 ስትቀንስ በቀን ከ1,530 እስከ 1,630 መብላት አለባት ማለት ነው።

ቁጥሩ ግምት ነው፣ ቁርዓን ወይ ወንጌል አይደለም። እውነተኛውን የሚነግራችሁ የሦስት አራት ሳምንት የሚዛን ውጤት ነው፣ ካልወረደ ቁጥሩን ትንሽ ዝቅ ማድረግ፣ በጣም ከፈጠነ ከፍ ማድረግ። በሳምንት ግማሽ ኪሎ መልካም ነው፣ ከአንድ ኪሎ በላይ ግን መቸኮል ነው።

ለምን 800 በልቼ ቶሎ አልጨርስም?

ይሄን ያላሰበ ሰው ያለ አይመስለኝም። እ.ኤ.አ. ከ1944 እስከ 1945 አሜሪካ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አንሴል ኪስ የሚባል ተመራማሪ 36 ፈቃደኛ ወጣት ወንዶችን ለስድስት ወር ከለመዱት ግማሽ ያህል ብቻ እያበላ ተከታትሏቸው ነበር፣ ዓላማው ከጦርነቱ በኋላ የተራበው የአውሮፓ ሕዝብ እንዴት እንደሚያገግም ለማወቅ ነበር። ልጆቹ መክሳታቸው ብቻ ሳይሆን ይበርዳቸው ጀመር፣ ይነጫነጩ ጀመር፣ ወሬያቸውም ህልማቸውም ምግብ ሆነ፣ አንዳንዱ የምግብ አሰራር መጽሐፍ መሰብሰብ ጀመረ። ሲለቀቁ ደግሞ በልተው መጥገብ አቃታቸው። ልብ በሉ፣ ይበሉ የነበረው 800 አይደለም፣ በአማካይ 1,570 ካሎሪ አካባቢ ነበር፣ ግን ለወጣት ወንድ፣ ያውም በሳምንት 35 ኪሎ ሜትር ለሚራመድ፣ በጣም ትንሽ ነው።

በጎተራው ቋንቋ፣ ቤተሰቡ ድርቅ መጣ ብሎ ሲፈራ ወጪ መቆጠብ ይጀምራል። ሰውነትም እንደዛው ነው፣ እንቅስቃሴን ሳይታወቅ ይቀንሳል፣ ረሀብን ይጨምራል። ስለዚህ ሴት ከ1,200፣ ወንድ ከ1,500 በታች ያለ ሀኪም ክትትል ባይወርዱ ነው የሚመከረው። ለጨጓራችሁም ጥሩ አይደለም፣ ያለበት ያውቀዋል።

እሺ፣ ከትሪ የሚበላ ሰው እንዴት ይቆጥራል?

ዋናው ነገር ይሄ ነው።

አፖቹ እኛን አስበው አልተሰሩም። ማይፊትነስፓል ላይ «ሽሮ» ብላችሁ ብትፈልጉ ተጠቃሚዎች ራሳቸው ያስገቡት ቁጥር ነው የሚመጣው፣ አንዱ ጋ ትንሽ ሌላው ጋ እጥፉ፣ ሁለቱም ደግሞ ላስገባው ሰውዬ ልክ ሊሆን ይችላል፣ ምክንያቱም ሽሮ የሚባል አንድ ምግብ የለም። በሁለት ማንኪያ ዘይት የተሰራ ሽሮ አለ፣ ዘይቱ ላዩ ላይ ተንሳፍፎ ቀይ ኩሬ የሰራበት ሽሮ አለ፣ ቅቤ ያረፈበት ተጋቢኖ አለ። ዱቄቱ ያው አንድ ነው፣ ልዩነቱን የሚፈጥረው የፈሰሰበት ነው።

ስለዚህ ድስቱን ነው የምንቆጥረው። እኛ ቤት አንድ እሁድ እንዲህ አደረግኩ፦ እማዬ ምስር ወጥ ልትሰራ ስትል የኩሽና ሚዛኔን ይዤ ገባሁና የሚገባውን ሁሉ መጻፍ ጀመርኩ። «ምነው ልጄ፣ የቤቴን እህል በሚዛን? እህል እኮ አይቆጠርም» አለችኝ፣ ቅር ብሏታል። ግማሽ ኪሎ ምስር፣ 1,760 ካሎሪ አካባቢ። አንድ ኪሎ ሽንኩርት፣ 400። በርበሬው 150 ቢሆን ነው። ዘይቱን እሷ በዓይኗ ነው የምትጨምረው፣ እኔ ግን ከመጨመሯ በፊት ጠርሙሱን መዝኜ ከጨመረች በኋላ ደግሜ መዘንኩት፣ 218 ግራም፣ ማለትም አንድ ኩባያ ገደማ፣ 1,930 ካሎሪ። ከምስሩ በላይ! ድስቱ በጠቅላላው 4,240 ሆነ፣ ሲወጣ 20 ጭልፋ ወጣው፣ ስለዚህ አንድ ጭልፋ 212 ካሎሪ። በሚቀጥለው ሳምንት ለምኜያት በአንድ ሦስተኛ ኩባያ ዘይት ሰራችው፣ ቁሌቱ ሲይዝባት በዘይት ፈንታ ጠብ ጠብ እያደረገች ውሃ እየጨመረች፣ ሽንኩርቱን ረዘም አድርጋ አብስላ። ድስቱ ወደ 2,950 ወረደ፣ ጭልፋው ወደ 148። እህቴ ልዩነቱን አላወቀችም፣ እማዬ አውቃለች ግን ዝም አለች።

የጭልፋው ጥቅም ምንድነው፣ ትሪው ላይ ከመውጣቱ በፊት ቁጥሩ ታውቋል። ለአራት ሰው ስምንት ጭልፋ ወጣ እንበል፣ ተካፍላችሁ ስትበሉ የእናንተ ድርሻ ሁለት ጭልፋ ገደማ ነው። አንዱ ቢያጎርሳችሁ እናንተም መልሳችሁ ታጎርሳላችሁ፣ በአማካይ ይመጣጠናል። በጣም ሳስበው የነበረው ጉርሻ እንዲህ ቀላል ሆኖ ቀረ። የሚከብደው ሁሉም ከተነሳ በኋላ ብቻችሁን ቁጭ ብላችሁ ወጥ የጠጣውን እንጀራ ስትጠርጉ ነው፣ እሱን ተጠንቀቁ፣ ወጡና ዘይቱ ያለው እዛ ነው፣ ከነጣዕሙ።

ድስት መመዘን ለሚሰለቸው ደግሞ አንድ ሰነፍ ዘዴ አለች፣ እኔ የጄሪካን ሂሳብ ነው የምላት። አንድ ሊትር ዘይት ከ8,000 ካሎሪ በላይ ነው። አራት ሰው ያለበት ቤት በወር አምስት ሊትር ከጨረሰ በነፍስ ወከፍ በቀን 340 ካሎሪ ከዘይት ብቻ ነው ማለት ነው። በወር ሦስት ሊትር እንዲበቃ ብታደርጉ በቀን 135 ያህል ከያንዳንዱ ሰው ላይ ይቀንሳል፣ ማንም ሳይራብ፣ ማንም ምንም ሳይቆጥር፣ ያውም ዘይት በዚህ ዋጋው።

እንጀራውስ?

እንጀራን ሁሉም ሰው ይፈራዋል፣ ሰው ሲከሳ መጀመሪያ የሚያቆመው እሱን ነው፣ ለምን እንደሆነ አይገባኝም። እዚህም ቆጠራው ከሊጡ ይጀመራል፦ አንድ ኪሎ የጤፍ ዱቄት 3,650 ካሎሪ አካባቢ ነው፣ ከአንድ ኪሎ ስንት እንጀራ እንደሚወጣችሁ ቁጠሩና አካፍሉ። እኛ ቤት ስምንት ይወጣል፣ አንዱ 455 አካባቢ ሆነ ማለት ነው፣ እናንተ ቤት ስስ ከሆነ አስር ሊወጣ ይችላል። ሩዝ ወይ ማሽላ የተቀላቀለበት ቢሆንም ቁጥሩ ብዙ አይለወጥም። ለሚገዛ ሰው አንዱን እንጀራ መዝኖ በ100 ግራም 150 ብሎ ማሰብ ይቻላል። አንድ እንጀራ ተኩል በልቶ መነሳት ስለዚህ 700 ገደማ ነው፣ ከዛ አንዱን ብቻ በልታችሁ ጎመንና ጥቅል ጎመኑን ብታበዙ ያው ትጠግባላችሁ። ፍርፍር ግን ሌላ ነው። የደረቀ እንጀራ ዘይት ሲጠጣ እንደ ስፖንጅ ነው፣ ጨጨብሳም ላይ ቅቤው እንደዛው፣ አንድ ሳህን ጨጨብሳ ውስጥ አራት የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ካለ 480 ካሎሪ ከቅቤው ብቻ ነው።

ምኑን ነው የምንረሳው?

እ.ኤ.አ. 1992 ላይ ኒውዮርክ ውስጥ የተሰራ አንድ ጥናት ነበር። «ከ1,200 በታች እየበላን አልከሳ አልን» ያሉ ሰዎችን ወስደው ትክክለኛ ወጪያቸውን ለኩ። የሰውነታቸው ወጪ ችግር የለበትም፣ እነሱ ግን የሚበሉትን በአማካይ በ47 በመቶ አሳንሰው፣ እንቅስቃሴያቸውን ደግሞ በ51 በመቶ አጋነው ነበር የሚናገሩት። እየዋሹ አልነበረም፣ ሰው ሲባል ይረሳል።

እኛ የምንረሳው ከቡና ጋር ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 16 ካሎሪ ናት፣ ምንም አይደለችም። ሁለት ማንኪያ ስኳር በአቦሉ፣ ሁለት በቶናው፣ ሁለት በበረካው፣ መቶ ሊሞላ ነው፣ በቀን ሁለቴ ከተፈላ ሁለት መቶ፣ ገና ቆሎው አልተቆጠረም። እጅ ሙሉ የገብስ ቆሎ (30 ግራም) 110 ካሎሪ አካባቢ ነው፣ ያው እጅ ሙሉ ለውዝ ከሆነ 170። ቆሎ ጥሩ ምግብ ነው፣ ችግሩ ወሬ እየሰሙ ስንት እጅ እንደበሉ ማንም አለማወቁ ነው። አንድ ቢራ 140፣ አንድ ለስላሳ ከ120 እስከ 140። አቮካዶ ጁስ ውስጥ ሙሉ አንድ አቮካዶ ከገባ እሱ ብቻ ወደ 300 ነው፣ ስኳሩ ሳይጨመር፣ ግን «ጁስ ብቻ ነው የጠጣሁት፣ ምሳ አልበላሁም» ነው የምንለው።

እሽግ ምግብ ስትገዙ አንድ ወጥመድ አለ። ጀርባው ላይ ኪሎ ጁል እና ኪሎ ካሎሪ ሁለቱም ሊጻፉ ይችላሉ፣ አንድ ኪሎ ካሎሪ 4.184 ኪሎ ጁል ነው። አንድ ጓደኛዬ ብስኩት ላይ 2,000 አይቶ ደንግጦ መልሶታል፣ 478 ነበር። ያው መመለሱ አልጎዳውም።

ፆም ላይ ነኝ፣ ለምን አልከሳም?

ፆም ሲባል ስጋ፣ ወተት፣ እንቁላልና ቅቤ ወጣ ማለት ነው፣ ዘይት ግን አልወጣም። እንደውም ጣዕሙን የሚሸከመው እሱ ስለሚሆን ይጨመራል። 55ቱን ቀን ዓቢይ ፆም ሙሉ በሳምቡሳ፣ በተጠበሰ ድንችና ኩሬ በሰራ ሽሮ ያሳለፈ ሰው ክብደት ቢጨምር አይገርምም። እስከ 9 ሰዓት የሚቆይ ሰውም ቢሆን፣ ወይም ረመዳን ላይ ያለ፣ ሲያፈጥር የሚበላው የቀኑን ጉድለት የሚሸፍን ከሆነ ሂሳቡ ዜሮ ነው። ይሄ ስለ ክብደት ብቻ ነው፣ የፆሙ ዓላማ ሌላ እንደሆነ ይገባኛል፣ የንስሐ አባት እንዳትጠሩብኝ።

ስፖርት ብሰራ አያካክሰውም?

ለልብ፣ ለስኳር፣ ለእንቅልፍ፣ ለሁሉም ነገር ጥሩ ነው። ለማካካስ ግን ደካማ ነው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው አንድ ሰዓት ፈጠን ብሎ ቢራመድ፣ በለው ከመገናኛ በኡራኤል አድርጎ ወደ መስቀል አደባባይ፣ 245 ካሎሪ ገደማ ነው የሚያወጣው። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት። ከዛ ደርሶ አንድ ጁስ ከጠጣ ተበልጧል። ክብደት የሚያነሱ ልጆች ግን አንድ ነገር ላይ ልክ ናቸው፣ እየከሱ ጡንቻ እንዳይሄድ ይጠቅማል።

ታዲያ ቁጥሩ ከገጠመ ቦምቦሊኖ ብቻ ብበላስ?

በወረቀት ላይ ትከሳላችሁ። ችግሩ ቁጥሩ ላይ ለመቆየት መቻሉ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. 2019 ላይ አሜሪካ የብሔራዊ ጤና ተቋማቸው ውስጥ ኬቨን ሆል የሚባል ተመራማሪ 20 ሰዎችን ለአራት ሳምንት አስቀምጦ ሁለት ሳምንት ፋብሪካ የተቀናበረ ምግብ፣ ሁለት ሳምንት ደግሞ ብዙም ያልተነካካ ምግብ አቀረበላቸው፣ የቀረበው ካሎሪ፣ ስኳር፣ ስብና ፋይበር እኩል ሆኖ «የፈለጋችሁትን ያህል ብሉ» ተባሉ። በፋብሪካው ምግብ ጊዜ በቀን 500 ካሎሪ ያህል በለጠ በሉ፣ አንድ ኪሎ ሊሞላ ትንሽ እስኪቀረው ጨመሩ፣ በሌላው ያንኑ ያህል ቀነሱ። ማንም አላስገደዳቸውም።

እዚህ ላይ የኛ ምግብ ዕድለኛ ነው። ምስር፣ ሽሮ፣ ባቄላ፣ ፕሮቲንና ፋይበር ያለው፣ ሆድ ይዞ የሚቆይ፣ ፕሮቲን ደግሞ ለመፍጨት ብቻ ከራሱ ጉልበት ከ20 እስከ 30 በመቶ ያህል ያስወጣል። ሀበሻ ሆኖ ለመክሳት አጃ፣ ብሮኮሊና ሳልመን መግዛት አያስፈልግም። የገብስ ቂንጬ አለ፣ ያው ቅቤው እየታየ።

ሚዛኑ ቆመብኝ፣ ምን ላድርግ?

መጀመሪያ እውነት መቆሙን አረጋግጡ። ጨው የበዛበት በልቶ ማደር፣ ለሴቶች ደግሞ የወር አበባ ሰሞን፣ ሚዛኑን በአንድ ሁለት ኪሎ ከፍ ዝቅ ያደርገዋል፣ ስብ አይደለም። ጠዋት ከሽንት በኋላ፣ ቁርስ ሳይበሉ መመዘንና የሳምንቱን አማካይ ካለፈው ሳምንት አማካይ ጋር ማስተያየት ነው። አማካዩ ለአንድ ወር ካልተንቀሳቀሰ ሁለት ነገር ነው፣ ወይ ቀስ በቀስ ጭልፋው እየሞላ መጥቷል (አብዛኛውን ጊዜ ይሄ ነው፣ የኔም ይሄ ነበር)፣ ወይ ደግሞ ሰውነታችሁ ቀሎ ወጪው አንሷል። 92 ኪሎ እያለሁ የምበላው 83 ስሆን አያከሳኝም፣ ቀመሩን በአዲሱ ክብደት ደግሞ መስራት ነው።

መቁጠር የሌለበት ሰው አለ?

አለ። ነፍሰ ጡር፣ የምታጠባ እናት፣ ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ፣ ከምግብ ጋር ከዚህ በፊት ችግር የነበረበት (ራሱን የሚያስርብ፣ በልቶ የሚያስመልስ)፣ እነዚህ ባይነኩት ይሻላል። ኢንሱሊን ወይ አንዳንድ የስኳር ኪኒን የሚወስድ ሰው ደግሞ ምግብ ሲቀንስ መድኃኒቱ እንዳለ ከሆነ ስኳሩ በጣም ሊወርድ ስለሚችል መጀመሪያ ሀኪሙን ያናግር፣ ይሄ ቀልድ አይደለም። ቁጥሩ እንቅልፍ የሚነሳችሁ ከሆነ፣ ሰርግ ላይ ተጠርታችሁ የምታስቡት ስለ ካሎሪው ብቻ ከሆነም ደብተሩን ዝጉት።

እስከ መቼ ነው ታዲያ የምቆጥረው?

እኔ በትክክል የቆጠርኩት ሦስት ወር ነው። ከዛ በኋላ ዓይን ይለምዳል፣ ሱቅ ውስጥ የሚሰራ ሰው ግማሽ ኪሎ ስኳር ሳይመዝን እጁ እንደሚያውቀው። አሁን አዲስ ወጥ ሲሰራ ወይ ሱሪው ሲጠብ ብቻ ነው ሚዛን የማወጣው። 11 ኪሎ ለመቀነስ 14 ወር ፈጅቶብኛል፣ ለቲክቶክ የሚሆን ታሪክ አይደለም። ከክብደቱ አምስት በመቶ የቀነሰ ሰው እንኳን ደም ግፊቱና ስኳሩ ላይ ለውጥ ማየት ይጀምራል፣ እኔ ላይ ያ ማለት አራት ኪሎ ተኩል ብቻ ነበር፣ የመጀመሪያዎቹ ወራት ላይ።

እማዬ አሁን ዘይት የምትለካው በሻይ ብርጭቆ ነው፣ ብርጭቆው ላይ በጥፍር ቀለም ምልክት አድርጋበታለች፣ ማን ነገራት፣ ለጎረቤትም አስተምራለች። ፋሲካ ሲደርስ ግን ዶሮው ሊሰራ ሲል ሚዛኑን ከኩሽና አውጥታ ቁም ሳጥን ላይ ታስቀምጠዋለች፣ እስከ ዳግማይ ትንሣኤ አይወርድም።